በምኒልክ ስትጫወት የመጀመሪያ ከተማህን የት ትቆረቁራለህ?

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ሲቪላይዜሽን 6 የተባለውን፣ ከተማ እየቆረቆሩ ሥልጣኔ የሚገነቡበትን የኮምፒውተር ጨዋታ ከነማስፋፊያዎቹ ጭኖ በምኒልክ ጀምሯል። ሴትለሩ፣ ማለትም ከተማ የሚቆረቁርለት ሰፋሪ፣ ያረፈው አረንጓዴ ሜዳ ላይ፣ ወንዝ ዳር ነው። በስተምሥራቅ አንድ ታይል (የካርታው አንድ ባለ ስድስት ጎን ቁራጭ) አለፍ ብሎ ባዶ የፕሌንስ (ደረቅ ያለ ሜዳማ መሬት) ኮረብታ አለ፤ ያው ወንዝ ይነካዋል። ከቆመበት አራት ታይል ርቆ ደግሞ ሦስት ተራሮች የሚያዋስኑት ሜዳ አለ፤ ውኃ ግን የለውም። «ሁሉም ሰው በመጀመሪያው ተርን ማለትም ዙር ቆርቁር ይላል። የኔ ዓይን ግን ተራሮቹ ላይ ቀርቷል። እዚያ ካምፓስ፣ ማለትም የሳይንስ ሰፈር፣ ቢኖረኝ ከተራሮቹ ብቻ +3 ሳይንስ አገኛለሁ። ልሂድ ወይስ እዚሁ ልቆርቁር?»

ሁለቱንም አታድርግ። ኮረብታው ላይ ውጣና በሁለተኛው ተርን ቆርቁር። ተራሮቹንም አታጣቸውም፤ እሱን ወረድ ብዬ አሳይሃለሁ።

ሰው የመጀመሪያ ከተማውን ሲመርጥ በዓይነ ኅሊናው የሚያየው ተርን 200 ላይ ያለችውን ከተማ ነው። ዩኒቨርሲቲው ቆሞ፣ ወደቡ ተከፍቶ፣ ዙሪያዋ በተራራ ታጥሮ። ደስ ይላል። የመጀመሪያዋ ከተማ ሥራ ግን ሌላ ነው። ሥራዋ ሁለተኛዋንና ሦስተኛዋን ከተማ ማስገኘት ነው። በጨዋታው መጀመሪያ ያለህ ማምረቻ እሷ ብቻ ናት። ስካውቱም (ቃኚው)፣ ወታደሩም፣ ቢልደሩም (ገንቢው)፣ ሴትለሩም የሚወጣው ከእሷ ነው። ስለዚህ ቦታ ስታማርጥ «የቱ ያምራል?» ብለህ አትጀምር። «ከየቱ ቶሎ ሴትለር ይወጣልኛል?» በል። ሌላውን ከዚያ በኋላ ታየዋለህ።

ሴትለር በመደበኛው ፍጥነት 80 ፕሮዳክሽን፣ ማለትም የማምረቻ ነጥብ፣ ይጠይቃል። ቀጥሎ የሚመጡት ደግሞ እየተወደዱ ነው የሚሄዱት። በዚያ ላይ ሲወጣ ከከተማዋ ሕዝብ አንድ ይዞ ይሄዳል፤ ሕዝቧ 2 ካልደረሰ ጭራሽ አይወጣም። ስለዚህ የምትፈልገው ፕሮዳክሽንና ምግብ ነው። ካምፓስ በዚህ ስሌት ውስጥ ገና ቦታ የለውም።

አሁን ወደ ኮረብታው እንምጣ። ከተማ የሚያርፍበት ታይል ምንም ደሃ ቢሆን ቢያንስ 2 ምግብና 1 ፕሮዳክሽን ይሰጣል። አሁን የቆምክበት አረንጓዴ ሜዳ ላይ ብትቆረቁር የምታገኘው ይህንኑ ነው። ፕሌንስ ኮረብታ በተፈጥሮው 1 ምግብና 2 ፕሮዳክሽን ነው። ከተማ ሲያርፍበት ምግቡ ወደ 2 ይሞላል፣ ፕሮዳክሽኑ ደግሞ 2 እንደሆነ ይቀራል። አንዲት ፕሮዳክሽን በነጻ አገኘህ ማለት ነው። በየተርኑ፣ ጨዋታው እስኪያልቅ።

«አንዲት ፕሮዳክሽን ምን ታደርግልኛለች?» ካልክ እናስላት። ቤተ መንግሥቱ ለዋና ከተማህ 2 ፕሮዳክሽን ይሰጣል። የመጀመሪያው ነዋሪህ 2 ምግብና 1 ፕሮዳክሽን ያለው የግራስላንድ ማለትም የአረንጓዴ መሬት ኮረብታ ላይ ይሥራ እንበል። ሜዳው ላይ ብትቆረቁር የከተማው ታይል 1፣ ቤተ መንግሥቱ 2፣ ነዋሪው 1፣ ድምሩ 4 ፕሮዳክሽን ይሆናል። ኮረብታው ላይ ከሆነ 5። ስካውት 30 ፕሮዳክሽን ይፈልጋል። የሜዳዋ ከተማ በ8 ተርን ታወጣዋለች፣ የኮረብታዋ በ6። የኮረብታዋ አንድ ተርን ዘግይታ ብትጀምርም ስካውቷ ቀድሞ ይወጣል። በዚያው ሂሳብ 80ው የሴትለር ዋጋ አንዷ ጋ 20 ተርን ይፈጃል፣ ሌላዋ ጋ 16። ሕዝቡ ሲጨምር ቁጥሮቹ ይለወጣሉ፤ አንዷ ፕሮዳክሽን ግን የትም አትሄድም።

«በመጀመሪያው ተርን ቆርቁር» የሚለው ምክር መጥፎ አይደለም። ከተማ የሌለህ እያንዳንዱ ተርን ከቤተ መንግሥቱ የምታገኘውን 2 ሳይንስ፣ 1 ካልቸር (ባህል)፣ 5 ወርቅና 2 ፕሮዳክሽን ያስቀርብሃል። ችግሩ ምክሩን እንደ ሕግ መያዙ ነው። አንድ ተርን የሚያስከፍልህ ዋጋ ይታወቃል። የምትሄድበት ቦታ የሚከፍልህም ይታወቃል፣ ዓይንህ ሥር ስለሆነ። ሁለቱን አወዳድር፣ በቃ። የኔ ልማድ እንዲህ ነው። ዓይኔ ላየው እርግጠኛ ጥቅም አንድ ተርን ያለ ጭንቀት እከፍላለሁ። ያረፍኩበት መሬት በረሃ ወይም ውኃ አልባ ከሆነ ሁለት ተርንም እሄዳለሁ። ጭጋግ ውስጥ ያለ፣ ያላየሁት ቦታ ፍለጋ ግን አልዞርም። ያልተገለጠ ካርታ ሁሌም ለምለም ይመስላል። ሦስት ተርን ተጉዘህ በረዶ ወይም ባሕር ይጠብቅሃል።

ኮረብታው ስንት ተርን እንደሚያስከፍልህም አስተውል። ሴትለር 2 የመንቀሳቀሻ ነጥብ አለው። ሜዳ 1 ይወስዳል፣ ኮረብታ ወይም ጫካ 2፣ ጫካ ያለበት ኮረብታ 3። ስለዚህ ኮረብታው ላይ ስትወጣ ነጥብህ ያልቃል፣ የምትቆረቁረው በሚቀጥለው ተርን ነው። ደህና ነው። ወደ ተራሮቹ ብትሄድ ግን አራት ታይል ነው፣ መሀል ላይ ኮረብታና ጫካ ይኖራል። አራተኛው ወይም አምስተኛው ተርን ላይ ነው የምትደርሰው። ብቻህን ስትጫወት እንኳ ከባድ ነው። ዲኢቲ በሚባለው የመጨረሻው የክብደት ደረጃ ኮምፒውተሩ በ3 ሴትለር ነው የሚጀምረው። አንተ ተራራ ለተራራ ስትንከራተት እሱ ሦስት ከተማ አቁሟል።

የተራሮቹ ቦታ ትልቁ ጣጣ ግን ርቀቱ አይደለም። ውኃው ነው።

ወንዝ፣ ሐይቅ ወይም ኦአሲስ የሚነካ ከተማ 5 ሃውዚንግ (ለስንት ሕዝብ መኖሪያ እንዳለው የሚለካበት) ይዞ ይጀምራል። ባሕር ዳር ብቻ ከሆነ 3። ሁለቱም ከሌሉ 2። ቤተ መንግሥቱ ለዋና ከተማ 1 ይጨምራል። ኮረብታው ላይ 6 ይኖርሃል፣ ተራራው ሥር 3። አሁን የሚጎዳህን ተመልከት። ሃውዚንግህ ከሕዝብህ በ1 ብቻ ሲበልጥ የሕዝብ እድገትህ በግማሽ ይቀንሳል። እኩል ሲሆኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። ተራራው ሥር ያለችው ከተማ ሕዝቧ 2 ሲሆን ገና ከአሁኑ ታንቃለች። 3 ስትደርስ ቆማለች ብትል ይሻላል። እንደነገርኩህ እያንዳንዱ ሴትለር አንድ ሰው ይዞ ይወጣል። ያንን ሰው ለመተካት በሩብ ፍጥነት ስታዘግም አስበው። ጎተራ ብትሠራ 2 ሃውዚንግ ታገኛለህ። የውኃ መውረጃ ቦይ ማለትም አኩዌደክት ደግሞ እንዲህ ያለችውን ደረቅ ከተማ ከወንዝ ዳሯ ጋር ያስተካክላታል፣ እንዲያውም ትንሽ ያስበልጣታል፤ ግን ኢንጂነሪንግ የተባለው ቴክኖሎጂ ተጠንቶ፣ ዲስትሪክቱ (ልዩ ሰፈሩ) ተገንብቶ ነው። ያ ሁሉ ፕሮዳክሽን ሴትለር መሆን ነበረበት።

ተራሮችም ራሳቸው ለመጀመሪያዋ ከተማ ጎረቤትነት የማይመቹ ናቸው። ከተማህ ስትቆረቆር የምትይዘው በዙሪያዋ ያሉትን 6 ታይሎች ነው። ከስድስቱ ሦስቱ ተራራ ከሆኑ ሦስቱ ላይ ማንም አይሠራም። ተራራ ምግብም ፕሮዳክሽንም አይሰጥም፤ የሚሠሩበት ኢንካዎች ብቻ ናቸው። ነዋሪህን የምታሰማራበት ቦታ ገና ከመነሻው ግማሽ ሆነ ማለት ነው።

ታዲያ +3ቷ ካምፓስስ? ብዙ ጀማሪ ዲስትሪክት ከከተማው ጋር መያያዝ ያለበት ይመስለዋል። የለበትም። ከከተማው ማዕከል እስከ 3 ታይል ድረስ ባለ የራስህ መሬት ላይ መትከል ትችላለህ። ተራሮቹ ሥር ያለችው ታይል አሁን ካለህበት 4 ታይል ትርቃለች። ኮረብታው ደግሞ አንድ ታይል ወደዚያው ያስጠጋሃል። ቁጠረው፤ ከኮረብታው ልክ 3 ታይል ናት። ከተማ ልታቆምባት ያሰብካት ታይል ካምፓስህ ልትሆን ትችላለች። የቆምክበት ሜዳ ላይ ብትቆረቁር ግን አንድ ታይል አልፋህ ትሄድ ነበር። ኮረብታውን እንድትመርጥ የምገፋህ ትልቁ ምክንያት ይኸው ነው። ሦስተኛው ቀለበት ላይ ስለሆነች ድንበርህ እስኪደርስላት ትንሽ ትጠብቃለህ፣ ወይም በወርቅ ትገዛታለህ። ካምፓስም ቢሆን ራይቲንግ ካልተጠና አይተከልም፤ ዋጋውም ከ54 ፕሮዳክሽን ነው የሚነሳው። ስለዚህ ጊዜ አለህ። ታይሏ ላይ የማፕ ፒን (የካርታ ምልክት) ሰክተህ እለፍ።

በምኒልክ መጫወትህ ነገሩን ትንሽ ይለውጠዋል። ምኒልክ ወደ ጨዋታው የገባው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 በወጣው የኢትዮጵያ ጥቅል ነው። ችሎታው ኮረብታ ነው። ኮረብታ ላይ የተቆረቆረ ከተማ ከሚያስገኘው ፌይዝ (የእምነት ነጥብ) 15 በመቶውን ያህል ሳይንስና ያንኑ ያህል ካልቸር ይጨመርለታል። መጀመሪያ ላይ ይህ ከምንም አይቆጠርም። ሆሊ ሳይትህ (የእምነት ሰፈርህ) 4 ፌይዝ ቢሰጥ 15 በመቶው 0.6 ነው። በኋላ ግን ከተማዋ 40 ፌይዝ ስታወጣ 6 ሳይንስና 6 ካልቸር እላዩ ላይ ይመጣል፣ ያለ አንዳች ተጨማሪ ሕንፃ። ዋናው ነጥብ ከተማ አንዴ ከተቆረቆረ የማይነቀል መሆኑ ነው። ፌይዙን በኋላ ማሳደግ ትችላለህ። ኮረብታውን ግን በኋላ ከከተማህ ሥር ማስገባት አትችልም። ሜዳ ላይ ብትቆረቁር የዋና ከተማህን ያንን ጥቅም በመጀመሪያው ተርን ጣልከው።

ስለዚህም ለአንተ ያቺ ከተራሮቹ ሥር ያለች ታይል ከካምፓስ ይልቅ ለሆሊ ሳይት ትሻላለች ባይ ነኝ። ሆሊ ሳይትም ከሚያዋስነው ከእያንዳንዱ ተራራ 1 ፌይዝ ያገኛል። ሃይማኖት ለመመሥረትም እሱው ነው የሚያስፈልገው። በሌላ መሪ ብትጫወት ካምፓስ እልህ ነበር። ኢትዮጵያ ውቅር ቤተ ክርስቲያን የሚባል የራሷ ማሻሻያም አላት። ኮረብታ ወይም የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ይሠራል፤ ካጠገቡ ካለው ከእያንዳንዱ ተራራና ኮረብታ 1 ፌይዝ ያገኛል። ሁሉንም ኮረብታህን በማዕድን ማውጫ አትጨርስ። ወደ ተራሮቹ የሚጠጉትን ሁለት ሦስቱን ለእሱ አቆይ።

የውጊያውም ጉዳይ አለ። የምኒልክ ወታደሮች ኮረብታ ላይ ሲሆኑ 4 የውጊያ ጉልበት ይጨመርላቸዋል። ኮረብታው ራሱ ለሚከላከል 3 ይሰጣል። ዋሪየርህ፣ ማለትም የመጀመሪያው ወታደርህ፣ ጉልበቱ 20 ነው፤ ኮረብታ ላይ ቆሞ ሲከላከል 27 ይሆናል። ባርቤሪያኖች (አገር የሌላቸው ወራሪዎች) እንደ አንበጣ መምጣት ሲጀምሩ ይህ ልዩነት የቢልደርህን ነፍስ ያተርፋል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። ጨዋታው ምኒልክን የኮረብታ ሰው አድርጎ መሣሉ አይገርምም፤ መቀመጫቸው እንጦጦ ነበር። እውነተኛው ታሪክ ግን ቁልቁል ነው የሄደው። እንጦጦ ለመከላከል ይመቻል እንጂ ብርድ ነው፣ ውኃውም ማገዶውም ሩቅ ነው። እቴጌ ጣይቱ ፍል ውኃውን ወደዱት፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች፣ ቤተ መንግሥቱም ወደ ታች ወረደ። ከዚያም በኋላ ማገዶ አልቆ ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ምንም አልቀረውም ነበር፤ ያቆመው ባሕር ዛፍ ነው። በሲቪ ቋንቋ ብናወራው እቴጌይቱ ሃውዚንጉን አዩ፣ ኮረብታው አላማለላቸውም። አንተ ግን ኮረብታውንም ወንዙንም አንድ ላይ አግኝተሃል። ሁለቱ ባይገጣጠሙልህ፣ ማለትም ኮረብታው ደረቅ ቢሆን ኖሮ፣ በምኒልክም ቢሆን ለዋና ከተማ ወንዙን ምረጥ እልህ ነበር። ኮረብታ በሁለተኛው ከተማ ይደረሳል።

አሁን በማንኛውም ካርታ ላይ የመጀመሪያውን ተርን እንዴት እንደምጫወተው ላሳይህ። ሴትለሩን አልነካም። መጀመሪያ ዋሪየሩን አንቀሳቅሳለሁ። ከተቻለ ኮረብታ ላይ አወጣዋለሁ፣ ከዚያ አርቆ ያያል። የሚሄድበትን አቅጣጫ የምመርጠው ሴትለሩ ሊሄድበት ወደሚችለው ነው፣ ወደማልፈልገው ጫካ አይደለም። ዋሪየሩ ምንም የሚያጓጓ ነገር ካልገለጠ ሴትለሩን ባለበት አሳርፋለሁ። ሴትለሩን ስትጫን ካርታው ቀለም ይቀባል። ጥቁር አረንጓዴው ውኃ ያለው ነው፣ ቀለል ያለው አረንጓዴ የባሕር ዳር፣ ግራጫው ደረቅ፣ ቀዩ የማይቻል። ጨዋታው በራሱ «እዚህ ቆርቁር» እያለ የሚያሳየውን ምልክት እንደ አስተያየት ውሰደው እንጂ አትመነው። አንዳንዴ ጥሩ ነው፣ አንዳንዴ ምን አይቶ እንደመረጠ አይገባኝም።

ከዚያ ስድስቱን ታይሎች አያለሁ። አንድ ነዋሪ 2 ምግብ ይበላል። የከተማው ታይል 2 ይሰጣል፣ ነዋሪው ሠርቶ የሚያመጣው ትርፍ ነው። ከ1 ወደ 2 ሕዝብ ለማደግ 15 ምግብ ያስፈልጋል። ነዋሪው 3 ምግብ ያለው ሩዝ ወይም ከብት ላይ ከሠራ በ5 ተርን ትደርሳለህ። 2 ምግብ ላይ ከሆነ በ8። ደን ያለበት ፕሌንስ ኮረብታ 3 ፕሮዳክሽን ስላለው ያጓጓል፣ ምግቡ ግን 1 ነው፤ እዚያ ላይ ካሠራኸው 15 ተርን ትቀመጣለህ። ጨዋታው ነዋሪውን ራሱ ይመድብልሃል፣ ሁልጊዜ ግን እንደምትፈልገው አይደለም። ገብተህ አስተካክለው። ሕዝቡ 2 እስኪሆን ምግብ፣ ከዚያ ፕሮዳክሽን።

ስድስቱ ውስጥ እጅግ የምወደው ደን ያለበት የግራስላንድ ኮረብታ ነው። 2 ምግብ፣ 2 ፕሮዳክሽን። ምንም ሳትሠራበት። እንዲህ ያለ ታይል ሁለት ካለህ ሌላው ቢጎድልም አትጨነቅ። አንድም ኮረብታ፣ አንድም ደን የሌለበት ቆንጆ አረንጓዴ ሜዳ ግን ወጥመድ ነው። ሕዝቡ ይበዛል፣ የሚሠራው ነገር የለም። ስካውት ለማውጣት ዘላለም ይፈጅብሃል። ብዙ ሰው ተሸንፎ ለምን እንደተሸነፈ የማይገባው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ስስ ነጥብ፦ ደን ወይም ጫካ ያለበት ታይል ላይ ከተቆረቆርክ ደኑ ይጠፋል፣ በምትኩ ምንም አታገኝም። ያንኑ ደን ማይኒንግ አጥንተህ በቢልደር ብትመነጥረው ግን በአንድ ጊዜ ጠቀም ያለ ፕሮዳክሽን ይሰጥሃል። ስለዚህ ባዶ ኮረብታና ደን ያለበት ኮረብታ ጎን ለጎን ካሉ ባዶው ላይ እረፍ፣ ደኑን ከጎንህ አድርገው። ያንተው ባዶ ነው፤ እሰየው።

ሪሶርስ (ካርታው ላይ ያለ የተፈጥሮ ሀብት) ላይ መቆርቆርስ? ሪሶርሱ የሚሰጠው ነገር ከተማው ሥር ሲገባ አይጠፋም። የሚጣፍጠው ምሳሌ ቡና ነው። ቡና በጨዋታው ከቅንጦት ሪሶርሶች አንዱ ሲሆን 1 ካልቸር ይሰጣል። ቤተ መንግሥቱ 1 ካልቸር፣ አንዱ ነዋሪ 0.3፣ በጠቅላላው በተርን 1.3 ካልቸር ይዘህ ነው የምትነሳው። ኮድ ኦፍ ሎውስ የተባለው የመጀመሪያው ሲቪክ (በካልቸር የሚጠና እርምጃ) 20 ካልቸር ይፈልጋል፤ ሕዝብህ ባይጨምር 16 ተርን ነው። ቡና ላይ ከቆረቆርክ 2.3 ይሆንልህና በ9 ያልቃል። የመጀመሪያዎቹን የፖሊሲ ካርዶች ሰባት ተርን ቀድመህ ያዝክ ማለት ነው። አቦ ይመችህ! ወንዝ የሚነካ ቡና ካገኘሁ ለፕሌንስ ኮረብታ ደንታ የለኝም፤ በምኒልክ ካልሆነ በቀር።

ባሕር ዳር ስለመቆርቆር ብዙ ይጠየቃል። ለመጀመሪያ ከተማ አልወደውም። የባሕር ታይል ገና ሲጀመር 1 ምግብና 1 ወርቅ ነው፤ ፕሮዳክሽን የለውም። ከስድስቱ ሦስቱ ውኃ ከሆኑ የተራራው ችግር በሌላ መልክ መጣ። ሴይሊንግ የተባለውን ቴክኖሎጂ ለማጥናት የሚረዳህን ዩሬካ (ጥናት የሚያፋጥን ጉርሻ) ታገኛለህ፣ ይኸው ነው። ወንዝ ወደ ባሕር የሚገባበት አፍ ላይ ከሆነ ግን ሌላ ነው፤ ያንን አላሳልፍም፣ ወደብም በኋላ ከከተማው ጋር ሲዋሰን +2 ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ጋዘሪንግ ስቶርም የተባለው ማስፋፊያ ካለህ ወንዝ ዳር ያሉ የጎርፍ ሜዳዎችንም አስተውል። ጎርፉ ያፈርሳል፣ ደለሉ ደግሞ መሬቱን ያለማል። ከተማው ራሱ ከጎርፍ ሜዳው ወጣ ብሎ፣ እርሻው ውስጡ ቢሆን ነው የሚመረጠው። እሳተ ገሞራን በተመለከተ ቢያንስ አንድ ታይል በመሀል አስገብተህ እደር።

ይህ ሁሉ የማይሠራላቸው መሪዎች አሉ። የማኦሪው ኩፔ ባሕር ላይ ነው የሚጀምረው፤ ከተማ ሳይቆረቁር በየተርኑ ሳይንስና ካልቸር ስለሚያገኝ መዞር ይከፍለዋል። ማሊዎች በረሃ ይፈልጋሉ። ሩሲያ ሌላውን ሰው የሚያባርረውን ቱንድራ (ቀዝቃዛውን መሬት) ትወዳለች። መሪህን ከመጀመርህ በፊት ችሎታውን አንዴ አንብብ። ጨዋታውም የሚያሳርፍህ ያንን አይቶ ነው፤ በምኒልክ ስትጀምር ዙሪያህ ኮረብታ የበዛው በአጋጣሚ አይደለም።

«ካልጣመኝ ሪስታርት አደርጋለሁ» ለሚሉት ምንም ችግር የለውም፣ ጨዋታ ነው። ብቻ እያንዳንዱን ደከም ያለ ካርታ ከጣልክ መጥፎ መሬት ላይ እንዴት እንደሚኖር ሳታውቀው ትቀራለህ። ከጓደኞችህ ጋር ኦንላይን ስትገጥም ደግሞ ለአንተ ብለው ካርታ አይቀይሩም።

እንግዲህ ወደ ራስህ ካርታ ተመለስ። ሴትለሩን ወደ ምሥራቅ ኮረብታው ላይ አውጣው። በዚያው ተርን ዋሪየሩን ወደ ተራሮቹ አቅጣጫ ላከው፣ ባርቤሪያን የሚመጣው ከየት እንደሆነ ቀድመህ ታውቃለህ። በሁለተኛው ተርን ቆርቁርና ስካውት አስጀምር። ስካውቱ ሲወጣ ከዋና ከተማህ ቢያንስ 4 ታይል የሚርቅ፣ ውኃ ያለው ሌላ ኮረብታ ይፈልግ፤ ከዚያ ቅርብ ጨዋታው አያስቆረቁርህም። የመጀመሪያዎቹን ወርቆች ወታደር ላይ አትጨርሳቸው። ድንበርህ ወደ ተራሮቹ ቀርቦ ያቺ ፒን የሰካህባት ታይል መግዣ ሲወጣላት ታስፈልጋለች።